ለአዲስ ገቢ የ9ኛ ክፍል አዳሪ ተማሪዎች ወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጅ ለማድረስ ረጅም መንገድ የመጣችሁ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፍራሹ ተነጥፏል፣ ሎከሩ ተቆልፏል። ከእንግዲህ እስከ ጥር ድረስ አብዛኞቻችሁ ልጃችሁን የምታገኙት በዶርሙ ስልክ ነው። ስለዚህ ከስልክ እንጀምር።

ምዝገባ ላይ ብዙዎቻችሁ አንድ ቁጥር ብቻ አስሞልታችኋል፤ እሱም ከተማ ያለ የአጎት ወይም የወንድም ቁጥር ነው። በዚያ በኩል የምንነግረው ነገር እናት ጋ የሚደርሰው ተቀንሶ ወይም ተጋኖ ነው፤ አንዳንዴም «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» ይባልና ጭራሽ አይደርስም። ሦስት ቁጥር ስጡን፤ የአባት፣ የእናት፣ ሁለቱም ካልተገኙ የሚያነሳ ጎረቤት። እናት የራሷ ስልክ ከሌላት የማን ቤት ሄዳ እንደምታነጋግረን ይጻፍ። ኔትወርክ የምታገኙት ገበያ ስትወጡ ብቻ ከሆነ የገበያ ቀናችሁን ንገሩን፤ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ እንደውላለን። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ሜሴጅ አንልክም።

ቀጥሎ ናፍቆት አለ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ቀኑን ደህና ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል ድምፃችሁን የሰማ ልጅ ሲያለቅስ ያድራል። የስልክ ሰዓቱን ረቡዕና እሑድ ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያደረግነው ለዚህ ነው፤ ከስፖርት በኋላ፣ ከጥናት በፊት። ሲያለቅስ «መጥቼ ልውሰድህ?» አትበሉት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገድ መንገድ ሲያይ ይሰነብታል። ምን እንደበላ፣ ከጎኑ ማን እንደሚተኛ ጠይቁት። የቤቱን ወሬ አውሩለት፤ ላሟ መውለዷን፣ ታናሽ እህቱ ፊደል መቁጠር መጀመሯን። ስልኩን እንደዘጋችሁ ዶርሙን ለሚከታተለው ሰው፣ ለፕሮክተሩ፣ ደውሉ፤ ያን ማታ አልጋው ድረስ ሄዶ ያየዋል። ሦስተኛው ሳምንት አልፎም የማይበላ ወይም እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካለ እኛው እንጠራችኋለን፤ ያኔ ሳትዘገዩ ኑ።

ልትጠይቁት ስትመጡ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ አምጡ፤ ይቆያል። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ታስሮ ሎከር ከገባ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፣ ወጥ ደግሞ አይጥና በረሮ ይጠራል። ስንቁ ለጓደኞቹም የሚበቃ ይሁን፤ የሚጠይቀው ሰው ያልመጣለት ልጅ በዚያው ዶርም ውስጥ አለ።

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረን ወደ ካርድ ልምጣ። እዚህ የገቡት ልጆች ከየመጡበት ትምህርት ቤት አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። አርባ አንደኞችን አንድ ክፍል ስናስገባ አንዱ አርባኛ መውጣቱ የግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ወላጅ ተስፋውን በአዳሪ ትምህርት ቤት ላይ ቢጥል አንፈርድበትም። ግን «28ኛ ወጣህ?» ተብሎ በስልክ የተቆጡት ልጅ የሚቀጥለውን ውጤት ይደብቃል። ያልገባውንም መምህሩን መጠየቅ ያፍራል። ደረጃውን ተዉትና ነጥቡን ተመልከቱ። በጥቅምት ሂሳብ 52 ያመጣ ልጅ በታኅሣሥ 61 ካመጣ እየሄደ ነው፤ ሌሎቹም ስለሚሮጡ ደረጃው ያው 28ኛ ሊሆን ይችላል። ስም ጠሪ መምህሩ ካርድ ሳይደርስ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ደውሎ ይህን በቃል ያስረዳችኋል።

የቀረው ከሁሉም ይከብዳል። ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት «ትምህርቱን እንዳይረብሸው» ተብሎ ከልጅ ይደበቃል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሌሎች ልጆች አሉ፣ ቴሌግራምም አለ። ልጁ የአያቱን ሞት ምሳ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ሳህኑን እንደያዘ፣ ከሌላ ልጅ አፍ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ «ሁላችንም ደህና ነን» ብትሉት አያምናችሁም፤ ሌላስ የተደበቀኝ ማን ይሆን እያለ ያድራል። ስለዚህ በዚያው ቀን ለዶርም ኃላፊው ደውሉ። ልጁ የሚቀርበው አንድ ዘመድ ይምጣ፤ መርዶው በወጉ፣ በማለዳ፣ ስም ጠሪው ባሉበት ይነገር። ለቀብሩ ባይደርስ ለሣልስቱ ወይም ለሰደቃው እንዲደርስ ፈቃድ እንሰጣለን፤ ያመለጠውን ፈተና ሲመለስ ይፈተናል።

እኛም እንዲሁ አንደብቃችሁም። ልጅ ታሞ ክሊኒክ ከተኛ በዚያው ሌሊት እንደውላለን፤ ትኩሳቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠው፣ በስንት ሰዓት መልሰን እንደምንደውል እንነግራችኋለን። ሌሊት ስልካችሁን አትዝጉ።

ስም ጠሪዎቹ ቅጹን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልካችሁን ክፈቱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉት። እያንዳንዱን ቁጥር እዚሁ ፊታችሁ ደውለን እንሞክራለን፤ አንድ አሃዝ መሳሳቱ ልጅ በታመመ ሌሊት እንዲታወቅ አንፈልግም።