እንግሊዝኛ ከላም የተዋሰው ግስ

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተናገር ስትሉኝ ብዙ አላመነታሁም። የመረጥኩት ቃል «ሩሚኔት» ነው። ስለምወደው አይደለም፤ አንድ ጊዜ ስላዋረደኝ ነው።

ተማሪ ሳለሁ የትርጉም ፈተና ተሰጠን። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስላለፈው ዘመናቸው «ሩሚኔት» ያደርጋሉ ይላል ወረቀቱ። ቃሉን አላውቀውም። መዝገበ ቃላት ተፈቅዶልን ስለነበር ገለጥኩና የመጀመሪያውን ትርጉም አነሳሁ። «ሽማግሌው ተቀምጠው ያለፈ ዘመናቸውን አመሰኩ» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ጮክ ብለው አነበቡት። ቀጥለው «ለመሆኑ ሰውየው ስንት ሆድ አላቸው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መዝገበ ቃላቱ ግን አልዋሸኝም ነበር። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ዋና ትርጉሙም ማመስኳት ነው። የላም ትልቁ ጨጓራ በሳይንስ ስሙ ዛሬም «ሩመን» ይባላል። ላምን፣ በግን፣ ፍየልንና ቀጭኔን እንግሊዝኛው ባንድ ላይ «ሩሚናንት» ይላቸዋል። ላቲኖቹ ራሳቸው ግሱን ለሐሳብም ይጠቀሙበት ነበር። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን ሲወስዱት ከነሁለት ትርጉሙ ወሰዱት።

እስቲ ላሟን እንያት። ገጠር ያደጋችሁ ከእኔ በላይ ታውቋታላችሁ። ስትግጥ በደንብ አታላምጥም፤ ትነጫለች፣ ትውጣለች። ከዚያ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። የዋጠችው ሣር ጉርሻ ጉርሻ እየሆነ ሽቅብ ይመለሳል። አንገቷን ካያችሁት እብጥ ብሎ ሲወጣ ይታያል። ዓይኗን ከደን አድርጋ አንዱን ጉርሻ 50 ጊዜ ያህል ታኝከዋለች። ትውጠዋለች። ሌላው ይመጣል። በቀን እስከ 8 ሰዓት የሚሆነው ጊዜዋ የሚያልፈው በዚህ ነው። የአንዲት ትልቅ የወተት ላም ሩመን ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እዚያ ውስጥ ሣሩን ያብላሉታል። በደንብ የደቀቀው ወደ ሽንፍላው ያልፋል። ላም ማመስኳት ካቆመች ደግሞ ባለቤቷ ይደነግጣል፤ አንድ ነገር አሟታል ማለት ነው።

«ያብላሉታል» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። እኛም ሐሳብ እናብላላለን። ነገር ሳናላምጥ አንውጥም። የማንናገረውን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ስለዚህ እንግሊዝኛው ሐሳብን ከሆድ ጋር በማገናኘቱ ሊደንቀን አይገባም። የእኔ ጥፋት ምሳሌውን ከነቀንዱ ማምጣቴ ነበር።

አጠቃቀሙን ቶሎ ልለፈው። ሩሚኔት የወረቀት ቃል ነው። ሰው ቡና ሲጋብዛችሁ «ሩሚኔት ላድርግበት» ብትሉት የሚጠራችሁ አታገኙም። ለተራው «ላስብበት» ሌላ ቀላል ቃል አላቸው። ሩሚኔት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ ተቀምጠው ነው። የሚታሰበውን ነገር ሲያስከትል «ኦን»፣ «ኦቨር» ወይም «አባውት» ይገባበታል። «ፖንደር» ከሚለው ቃል ጋር አታምታቱት። ያኛው ከክብደት የመጣ ነው፤ የ«ፓውንድ» ዘመድ ነው። ፖንደር የሚያደርግ ሰው ሚዛን ይዟል፣ ያመዛዝናል። ሩሚኔት የሚያደርገው ሚዛን የለውም። ያኝካል።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። የዛሬ ዘመን እንግሊዝኛ ካነበባችሁ ቃሉን በብዛት የምታገኙት ከድባቴና ከጭንቀት ጋር ነው። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ኦክቶበር 17 ቀን በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። እሷ ያን ጊዜ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ሲከፋችሁ ምን ታደርጋላችሁ የሚል መጠይቅ ከሁለት ሳምንት በፊት ለተማሪዎች አስሞልታ ኖሯል። መንቀጥቀጡን ማንም አላሰበውም። ከአደጋው 10 ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከ7 ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹን መልሳ ጠየቀች። ሲከፋቸው ስለ መከፋታቸው ደጋግሞ የማሰብ ልማድ የነበራቸው ድባቴው በርትቶባቸው ተገኙ። ይህን ልማድ «ሩሚኔሽን» አለችው። የላሟ ቃል ሆስፒታል ገባ ማለት ነው።

ችግሩ ቃሉ ሁለት ነገር በአንድ ከረጢት መያዙ ነው። ረጋ ብሎ ማሰብም ሩሚኔት፣ ራስን እየበሉ ማደርም ሩሚኔት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኖለን-ሆክሴማና ባልደረቦቿ መጠይቁን እንደገና ፈትሸው ለሁለት ከፈሉት። አንዱን «ሪፍሌክሽን» አሉት። ሌላውን «ብሩዲንግ» አሉት፤ ይህኛው ደግሞ እንቁላሏን ከታቀፈች ዶሮ የተወሰደ ነው። (እንግሊዞች ያለ ከብትና ያለ ዶሮ ማሰብ አይሆንላቸውም መሰለኝ።) ብሩዲንጉ የበዛበት ሰው ውሎ አድሮ ድባቴው ሲጨምር፣ ሪፍሌክሽኑ የበዛለት ደግሞ ውሎ አድሮ ሲቀንስለት አዩ።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እናቴ ይህን ልዩነት ያለ መጠይቅ ታውቀዋለች። አማርኛ ማሰላሰል አለው፣ መብሰልሰል አለው። «ሲያሰላስል አመሸ» ያልነውን ሰው አንረብሸውም፣ ሻይ አስቀምጠንለት እንወጣለን። «ሲብሰለሰል አደረ» ካልን ግን አጠገቡ ሄደን እንቀመጣለን። «ምን ሆነሃል?» እንለዋለን። ቆዘመ፣ ተከዘ፣ ተብሰከሰከ፣ አውጠነጠነ፣ አወጣ አወረደ፤ እያንዳንዱ የራሱ ፊት አለው። ቅኔ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ሌላ አለ። ተማሪው ብቻውን ዘወር ብሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ «ቅኔ ይቆጥራል»። የሚቆጠር ገንዘብ የለም፤ ቃል ነው የሚቆጥረው። ቆጥሮ ሲጨርስ ለመምህሩ ሊነግር ይነሣል።

ይህ «ይነሣል» ነው ዋናው ነገር። ለእኔ ላሟ በእንግሊዝኛ ተሰድባለች። አንዱን ጉርሻ አውጥታ፣ አድቅቃ ትመልሰዋለች፤ የደቀቀው ወደሚቀጥለው ሆድ ይሄዳል። መጨረሻው ወተት ነው። የሚብሰለሰል ሰው ግን ያንኑ ጉርሻ ሌሊቱን ሙሉ ያኝካል። አይውጠውም፣ አይተፋውም። ከ9 ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ቃል እስከ ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል። እዚያ የነበሩት ሰዎች ረስተውታል። እኔ ግን አለሁ፣ አኝካለሁ። ይህን ምንም ዓይነት ላም አታደርገውም።

በትርጉም ሥራ ላይ ያላችሁ እዚህ ጋ ትቸገራላችሁ። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ይሰጣችኋል፤ አማርኛው የትኛውን ነው ብሎ ይጠይቃችኋል። መዝገበ ቃላት አይመልስላችሁም። ወደ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር መሄድ አለባችሁ።

እኔ ያን ጊዜ አልሄድኩም። ወረቀቱን አሁን ድረስ አስታውሰዋለሁ። ከሽማግሌው ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር። ሰውየው መብራቱን አበሩ፣ ወረቀት ሳቡ፣ ለወንድማቸው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ ይላል። ስለዚህ አሰላሰሉ ነው መልሱ።

አመሰግናለሁ።