ያቺ አውራ ጣት

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ዛሬም አብሮን አለ። ለምዳችሁታል መቼም። ዛሬ ስለ መብራት አቀማመጥ እናወራለን ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ያቺ አውራ ጣት አላስቀምጥ ብላኛለች። ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል ይታወቃል፤ ትበል።

የአሜሪካዊቷን ፎቶ አንሺ የዶሮቲያ ላንግን «ስደተኛዋ እናት» የሚባለውን ፎቶ ታውቁታላችሁ። ካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ፣ እ.ኤ.አ. 1936። አተሩን ብርድ መትቶት ለቃሚዎቹ ያለ ሥራ የቀሩበት ሰፈር። እናትየዋ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ የሆነ ሩቅ ነገር ታያለች።

ይሄ ፎቶ እንዴት እንደመጣ ቀስ ብለን እንየው። ላንግ መጀመሪያ ከራቅ ብላ ነው ያነሳችው። ድንኳኑ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ የተቀመጠች ትልቅ ልጅ አለች። ዓይን የቱጋ እንደሚያርፍ አያውቅም። ከዚያ ቀረበች። ደግማ ቀረበች። ትልቋ ልጅ ከፍሬሙ ወጣች፣ ሻንጣው ወጣ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ልጆች እናታቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ፊታቸውን አዙረዋል። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነው። የቀረው አንድ ፊት ነው። በቃ፣ የትም አትሄዱም፤ እሷን ነው የምታዩት። ጀማሪዎችን "ዙሙን ተዉትና በእግራችሁ ቅረቡ" እያልኩ የማሰለቸው ከዚህ ተነስቼ ነው።

እና ጣቷ። በስተቀኝ ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘች አውራ ጣት ነበረች። ላንግ በ1939 ከኔጋቲቩ፣ ማለት ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም ላይ አስጠፋቻት። አለቃዋ ሮይ ስትራይከር አልወደደላትም። አጉልታችሁ ካያችሁ ዛሬም ደብዘዝ ያለች ምልክቷ አለች።

በሙያ ካየነው ልክ ናት። ጥግ ላይ ያለ ነገር ዓይን ይሰርቃል። እኔም አጠፋት ነበር። ሰርግ ላይ ስንት እጅ አጥፍቻለሁ! አንዷ ሙሽራ "ወንድሜ፣ ይቺን እጅ ታነሳልኛለህ?" አለችኝ። ቬሎዋን ከኋላ የያዘች የእህቷ እጅ ነበር። አነሳሁት። ቬሎው በራሱ አየር ላይ የቆመ መሰለ፤ እሷ ግን ደስ አላት። ከፈለችኝም፣ ይሄ ብርቅ ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

ግን... ላንግ የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም። ራሷ ናት በኋላ የተናገረችው። ዕድሜዋን ታስታውሳለች፤ 32። ፎቶዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ለሰፈሩ 20,000 ፓውንድ የሚመዝን ምግብ ሲላክ የእሷ ቤተሰብ ከዚያ ሄዷል። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መባሏ የታወቀው በ1978 ነው፤ በፎቶውም ደስተኛ አልነበረችም። አንድ ሳንቲም አላገኘችበትማ።

አሁን ጣቷንና ስሟን ላገናኝ ነው ብላችሁ እየጠበቃችሁ ነው፣ አይደል? አይገናኙም። ጣቷ የቅንብር ጉዳይ ናት። ስሙ ደግሞ... የጨዋነት ነው? እንጃ። ላንግ ፎቶዎቹን ባታነሳ ኖሮ ምግቡም ላይላክ ይችል ነበር። እሱም እውነት ነው። ብቻ እኔ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ፣ በተለይ ማታ ኤዲት ሳደርግ።

ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ። እጅ አጥፋ ካሉኝ አጠፋለሁ፤ ሥራ ነው። ወይ መጀመሪያ ባለ እጇን... ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? "እህቴ፣ አንቺን ላውጣሽ ወይ?" ኧረ... ቆይ፣ ስልኬ እየጠራ ነው...