ቆይ፣ ትንሽ ይደግ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። ዛሬ ሶስት ደቂቃ ብቻ ነው የማወራው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ስለ አጥሩ አወራችኋለሁ ብዬ ነበር ባለፈው፣ አውቃለሁ፣ አጥሩ ግን የትም አይሄድም። ማለቴ ግማሹ ሄዷል፣ ግን ተዉት። ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱ ያው ሚኒስትሩ፣ ወንዱ የፍየል ግልገሌ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን።

ውሃቸውን ልቀይር ገባሁ፣ ሎሚ ጥግ ላይ ቆማ ሳሯን ታመሰኳለች፣ እሱ ከኋላዋ ወጥቶባታል። እህቱ ላይ! 9 ሳምንቱ እኮ ነው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ሲባል እንዲህ ነው ለካ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ግልገሎች ሲጫወቱ ይሰራረራሉ፣ ሎሚም እሱ ላይ ትወጣለች፣ እትዬን ራሱ እየሞከሩ ከጎኗ ይወድቃሉ። ከዛ ግን ምላሱን እያወጣ ያችን የወጠጤ ድምፅ አሰማ፣ ታውቋታላችሁ፣ ያ የሚንቦቀቦቅ ነገር፣ እዛ ጋ ሳቄ ቆመ። ድንክ ዝርያ ላይ እኮ ወንዱ በ7 በ8 ሳምንቱ ማስረገዝ ይችላል። ሎሚ ራሷ ገና ነች፣ እትዬ ግን ገና አይደለችም። እናቱ ነች።

እና የሚኮላሽበት የጎማ ቀለበት ከተገዛ 7 ሳምንት ሆኖታል። አሁን ጠረጴዛው ላይ፣ ማይኩ አጠገብ ነው ያለው።

ግን ቆይ፣ ይሄን ለማውራት ወደ ቀንዱ መመለስ አለብኝ። አዎ እንደገና። ሰልችቷችኋል፣ እኔንም ሰልችቶኛል፣ ግን ያኔ ስነግራችሁ ሙሉውን አልነገርኳችሁም።

በ6ኛው ቀኑ ነው የቀንድ እምቡጡን በጣቴ ያገኘሁት። ግንባሩ ላይ ፀጉሩ ሁለት ቦታ ተጠማዟል፣ መሀል ላይ አንድ ብቻ ቢሆን ጎዳ፣ ማለት ቀንድ የማያበቅል፣ ሊሆን ይችል ነበር፣ ቆዳውን ስገፋው ደግሞ አይንሸራተትም፣ ተጣብቋል። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ጠንካራ ነገር። (በነገራችን ላይ ጎዳን ከጎዳ እያዳቀላችሁ ለምን አትገላገሉም ያላችሁኝ ሰዎች፣ አይሆንም፣ ያ ዘር ከሁለቱም ወላጅ ሲመጣ ሴት መሆን የነበረባት ወንድም ሴትም ያልሆነች ሆና ልትወለድ ትችላለች። ቀንድ ሸሽቶ መሀን ማግኘት ነው።) ያኔውኑ ለእንስሳት ዶክተሯ መደወል ነበረብኝ። ወንድ ነው፣ የወንድ እምቡጥ ይፈጥናል። ሎሚን ቀንድ እንዳታበቅል በ12ኛው ቀን ነው እምቡጧን በጋለ ብረት የተኮስናት፣ ዛሬ ጭንቅላቷ ልሙጥ ነው። ወንዱን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ካልያዙት መሰረቱ እየሰፋ ይሄዳል። ግን አንድ ኪሎ ተኩል እንኳን አይሞላም ነበር። መዳፌ ላይ ነበር የሚተኛው። ቆይ፣ ትንሽ ይደግ አልኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ቆይ ትንሽ ይደግ።

በ10ኛው ቀን ዶክተሯ መጣች። መዘነችው፣ ማደንዘዣውን፣ ሊዶካይኑን፣ ወደ 1 ፐርሰንት አቀጠነችው፣ ፍየል ላይ ሊዶካይን ቀልድ አይደለም፣ ትንሽ ካለፈ መርዝ ነው፣ ለሱ ደግሞ ለአራቱም ቦታ ተደምሮ 1 ሚሊ ሊትር አልሞላም። አራት ቦታ ያልኩት የፍየል ቀንድ በሁለት ነርቭ ስለሆነ ነው፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ እንደ ጥጃ በአንድ አይያዝም። የህመም ማስታገሻም ሰጠችው። ብረቱን ግን እኔ ልያዝ አልኩ። መማር አለብኝ ብዬ። ማን አስገደደኝ?

እሷ ያዘችልኝ፣ እኔ ቀኙ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት። ፀጉሩ ጨሰ፣ ሽታው እስካሁን ያ ጃኬቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ጮኸ፣ ግን ገና ሳንነካው ስንይዘውም እንደዛው ነበር የጮኸው፣ ግልገል መያዝ አይወድም። አነሳሁት፣ ዙሪያውን የመዳብ ቀለም ያለው ቀለበት፣ ድፍን፣ ልክ እንደሚባለው። ጎበዝ አለችኝ። በረዶ ያዝንበት። ኮራሁ፣ እውነቴን ነው።

ከዛ ግራው። አስቀመጥኩ፣ አንድ... ይጮሃል፣ ሁለት... ዝም አለ። እንዲሁ ዝም። ዞር አይል፣ አይፈራገጥ፣ አይኑ ክፍት ነው። እና እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የግልገል የራስ ቅል ስስ ነው፣ ብረቱ ከቆየ ሙቀቱ አንጎሉ ጋ ይደርሳል። አነሳሁት። ሁለት ላይ። ሶስት አላልኩም። እሷ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ቀለበቱ ወደ አፍንጫው በኩል ክፍት ነው፣ እንደ አዲስ ጨረቃ። "እዚህ ጋ አልተዘጋም፣ ድገመው" አለችኝ። በቃ ዶክተርዬ፣ ይበቃዋል አልኩ። "ወንድ ነው እኮ፣ እምቡጡ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የሚቀረው እዛው ጋ ነው፣ ድገመው።" ይበቃዋል አልኳት። አየችኝ። ብረቱን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ይሄን ነው ያልነገርኳችሁ። ያኔ "ትንሽ አመለጠን" ነው ያልኳችሁ። አመለጠን! እኛ ብዬ፣ እሷን ጨምሬ።

እና ሚኒስትሩ ምንም አልሆነም ነበር። መሬት ስናደርገው ተንገዳገደ፣ ሮጦ እትዬ ስር ገባ፣ ጡት ያዘ፣ ጭራው ይርገበገባል። ዝም ያለው ምናልባት ደክሞት ነው፣ ምናልባት ማደንዘዣው ገና በደንብ ሲይዘው ነው። አላውቅም። አሁን ግራው ላይ ያቺ ጉጥ አለች፣ ቀንድ ያልሆነች ቀንድ፣ ስትነካ ትወዛወዛለች፣ አጥር ጋ ሲጋጭ ትገነጠልና ፊቱ በደም ይታጠባል፣ ተመልሳ ታድጋለች። ሁለቴ ሆኗል። ሁለት ሰከንድ ራርቼለት... አይ፣ ለሱ ነው የራራሁት? እሱን ነው የማላውቀው።

እሺ፣ ወደ ቀለበቱ።

ቀንድ አጣድፎ ነው የሚይዝህ፣ ማኮላሸት ላይ ግን መቆየት ራሱ ክርክር አለው፣ ጥሩ ክርክር። ወንዱን በጣም ቀድመህ ካኮላሸኸው የወንዴ ሆርሞኑ ይቋረጣል፣ የሽንት ቧንቧው እንደሚገባው ሳይሰፋ ይቀራል፣ በኋላ ጠጠር ሲመጣ ማለፊያ የለውም፣ የወንድ ፍየል ቧንቧ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ትል የምትመስል ነገር ውስጥ ሳይቀር ይሰነቀራል። ሽንቱ ከተዘጋ ቀናት ናቸው ያሉህ። ለእርድ የሚያረቡት ሰዎች ቶሎ ያደርጉታል፣ ያን ያህል አይቆይም። ሚኒስትሩ ግን የቤት ልጅ ነው፣ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ነው። ስለዚህ 8 ሳምንት ጠብቅ፣ 12 ጠብቅ የሚሉ አሉ። እኔም ያንን ያዝኩ። ሁለተኛው የቴታነስ ክትባትም አለ፣ ጎማ ቀለበት ያለ ክትባት አይሞከርም፣ ሥጋው ታንቆ እየሞተ ሲቆይ ለቴታነስ ቤት ማለት ነው። ሁለተኛው መርፌ ሐሙስ ነው። በዛ ላይ በ3ኛ ቀኑ ብትሞክሩ እኮ የድንክ ግልገል ቆለጥ ሚጢጢ ነው፣ ሁለቱ ከቀለበቱ በታች መሆናቸውን መቁጠር አለባችሁ፣ አንዷ ወደ ላይ ከሾለከች ከቀለበቱ በላይ ቀርታ ወጠጤነቱን ይቀጥላል።

አያችሁ? ምክንያት ሞልቶኛል። ሁሉም ደግሞ እውነት ናቸው።

ግን ጠጠሩን በዋናነት የሚያመጣው እኮ ምግቡ ነው። እህል የበዛበት፣ ፎስፈረሱ ከፍ ያለበት፣ ውሃ የማይጠጣ፣ እሱ ነው የሚታመመው። ካልሲየሙ የፎስፈረሱን እጥፍ አድርግ፣ ድርቆሽ አብላ፣ ንፁህ ውሃ አቅርብ። እኔ ደግሞ ትናንት ጠዋት እህል በእጄ እያበላሁት ነበር፣ ስለሚወድ። በአንድ እጄ ቧንቧው ይስፋ እያልኩ እጠብቃለሁ፣ በሌላው ጠጠሩን አበላዋለሁ።

እና እየቆየ በሄደ ቁጥር ቀለበቱ ይጠበዋል፣ ቆለጡ ይተልቃል፣ ህመሙም ይብሳል፣ ከዛ ቡርዲዞ፣ ያ ከውጭ ጨፍልቆ የሚያኮላሸው ጉጠት፣ ወይ ቢላ ነው። ለየው ትሉኛላችሁ፣ ትናንት ማታ ለየሁት፣ ብቻውን። ሙሉ ሌሊት ነው የጮኸው። ፍየል ብቻውን አይሆንም፣ ሁለተኛ ወንድ ደግሞ የለኝም፣ እና ሁለተኛ ወንድ ላምጣ ብዬ... ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ወንድ ግልገል ስፈልግ ነበር ስልኬ ላይ። ወንድሜ ቢያውቅ ይገለኛል። ቀለበት ላለማሰር ፍየል ልገዛ!

እስከ 12 ሳምንት ብቆይ እኮ ስህተት አይደለም። ይሄን የምለው... አይደለም እኮ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ብቻ ያኔም "ቆይ ትንሽ ይደግ" ስል ስህተት አልመሰለኝም ነበር፣ አሁንም ያው አፌ ነው የሚናገረው፣ በየትኛው ጊዜ ስለ ቧንቧው እንደማስብ በየትኛው ጊዜ ስለ ዝምታው እንደማስብ መለየት አቅቶኛል። ይሄ ደግሞ እጁ ላይ ብረት የያዘ ሰው... ተዉት።

ለማንኛውም ሐሙስ ትመጣለች፣ ክትባቱን ስትሰጠው እግረ መንገዷን እሱንም ታየዋለች፣ ማለት ቀለበት ይሁን ቡርዲዞ እሷ ትወስን፣ ነግሬያታለሁ... ነግሬያታለሁ እንዴ? ቆይ። ሰኞ ደውዬላት ነበር። ስለ ክትባቱ አወራን፣ ስለ ጉጧ አወራን፣ ስለ አጥሩ ሳይቀር አውርተናል፣ ስለ ቀለበቱ ግን...