ሲንቹ፦ ከመጥራት በፊት ማሰናዳት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የተማረው ሁሉ ወጥቶ ቀረ የሚለው እሮሮ በየቤታችን አለ። ዛሬ የማወራችሁ ይኸው እሮሮ ስለነበረባት ታይዋን፣ በተለይም ስለ ሲንቹ ከተማ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ሲንቹ ቀድሞ የምትታወቀው በነፋሷና በሩዝ ኑድሏ ነበር። ጎበዝ ተማሪዎች አሜሪካ ሄደው አብዛኞቹ እዚያው ይቀሩ ነበር። መንግሥት «ኑ» ከማለቱ በፊት መሥሪያ ቦታ አሰናዳ። በ1973 የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ በ1976 ከአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ወጣት መሐንዲሶችን የቺፕ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ የሚሠሩባትን ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ አሠራር እንዲማሩ ላከ፤ በ1980 የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በአንድ ላይ የሚሠሩበትን የሳይንስ ፓርክ ሲንቹ ላይ ከፈተ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ትምህርት ቤቱ ነው። በ1983 ፓርኩ ውስጥ፣ ከውጭ የተመለሱ ሰዎች ልጆች በሁለት ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። እስቲ አስቡት፤ ካሊፎርኒያ የሚኖር መሐንዲስ ልመለስ አልመለስ ሲል፣ ማታ ከባለቤቱ ጋር የሚያነጋግረው ምንድን ነው? «ቻይንኛ ማንበብ የማይችሉት ልጆቻችንስ?» የሚለው ነው። ያንን ጥያቄ አስቀድሞ ያሰበ መሥሪያ ቤት ሰው ያውቃል እላለሁ።

በ1985 ሞሪስ ቻንግ የሚባል መሐንዲስ ያንን የምርምር ኢንስቲትዩት እንዲመራ ተጠራ። ታይዋን የተወለደ እንኳን አይደለም፤ የቻይናዋ ኒንግቦ ተወላጅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በቺፕ አምራቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ 25 ዓመት ሠርቷል። በ1987 ቲኤስኤምሲ የተባለውን የቺፕ አምራች ኩባንያ መሠረተ። ከመነሻ ካፒታሉ ግማሽ የሚጠጋውን ያወጣው መንግሥት ነው። ኩባንያው የራሱን ቺፕ አይነድፍም፤ የሌሎችን ያመርታል። በዚህም የተነሣ ፋብሪካ መሥሪያ ገንዘብ የሌለው መሐንዲስ ንድፉን ብቻ ይዞ ድርጅት መክፈት ቻለ።

እርግጥ ሀብቱም ባለሙያውም ሲንቹ ወዳለችበት ወደ ሰሜን አጋደለ። ስለዚህ በ1990ዎቹ ደቡብ ላይ፣ ታይናን፣ ሌላ ፓርክ ተጀመረ።

በእኛ ዘንድ ስለ ዳያስፖራ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ውጭ ምንዛሬና ወደ ቤት መሥሪያ ቦታ ይሄዳል። ስለ ሙያው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ውጭ ያላችሁ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ተመራማሪዎች፣ እስቲ ጻፉልኝ፦ ነገ ብትመለሱ በየትኛው ላቦራቶሪ፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን መሣሪያ ትሠራላችሁ? መልሶቻችሁን በሚቀጥለው ዝግጅት አነባለሁ።