መርከብ የማያውቀው የመርከብ ባለቤት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሊቀመንበር ማይክ ሲይዝ እንቅልፍ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሪፖርቱን ለጸሐፊያችን ትቼ እኔ ስለ አንድ ሹፌር ላውራችሁ። ማልኮም ማክሊን ይባላል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1913 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ተወለደ። ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ቆይቶ በ1934 አንዲት ያገለገለች መኪና ይዞ ጭነት ጀመረ። በ1937 ጥጥ ጭኖ ኒው ጀርሲ ወደብ ይሄድና ቀኑን ሙሉ ይገተራል። ጫኝና አውራጆቹ አንድ አንድ እያሉ ከመኪና ወደ መርከብ ሲያሻግሩ እያየ፣ «ይሄ ተሳቢ እንዳለ ለምን አይነሳም?» ብሎ እንዳሰበ በኋላ ራሱ ያወራ ነበር። ወሬው ትንሽ ቅመም ሳይገባበት አልቀረም፤ ሐሳቡን እስኪሞክረው ድረስ እኮ 20 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም!

እኔን የሚገርመኝ 1955 ነው። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ትልልቅ የጭነት መኪና ድርጅቶች አንዱ የእሱ ነበር። ሕጉ ግን የመኪናና የመርከብ ድርጅት ባንድ ሰው እጅ እንዲሆን አይፈቅድም ነበር። ሰውዬው ከባዶ ተነስቶ ያቆመውን ድርጅት ለቀቀና በብድር የመርከብ ድርጅት ገዛ፤ ስለ ባሕር የሚያውቀው ነገር ሳይኖር።

ሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲል ኤክስ» የምትባል አሮጌ የነዳጅ መርከብ 58 ትልልቅ የጭነት ሣጥኖች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ተነሳች። ክሬኑ በየ7 ደቂቃው አንድ ሣጥን ያስቀምጥ ነበር። ልቅ ጭነት በእጅ መጫን በቶን 5.83 ዶላር ያስወጣ ነበር፤ በሣጥን ሲጫን ግን ቶኑ 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም። በቃ፣ የዛሬው ኮንቴይነር ይሄው ነው። ለወደብ ጫኝና አውራጆች ግን መልካም ዜና አልነበረም፤ ስንቱ እንጀራውን አጥቷል፣ ይሄንን ሸፋፍነን ማለፍ የለብንም።

ሣጥኖቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ቁልፍና የማዕዘን ብረት የሠራው ኪት ታንትሊንገር የሚባል መሐንዲስ ነው። ማክሊን የዚህን ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብቱን፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀ። ቢይዘው ኖሮ እያንዳንዱ ድርጅት የየራሱን ሣጥን እየሠራ፣ የአንዱ በሌላው መርከብና መኪና ላይ አልገጥም እያለ እንተራመስ ነበር። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው።

ነጋዴነቱን ማየት የፈለገ ደግሞ ቬትናምን ይይ። ለአሜሪካ ጦር ዕቃ ያደረሱ መርከቦቹ ባዷቸውን ሲመለሱ አላስቻለውም፣ በጃፓን በኩል አዙሮ የንግድ ዕቃ ጫነባቸው። ባዶ መመለስ ምን እንደሚያስከፍል ለእናንተ አልነግርም።

ሁልጊዜ አልቀናውም። ነዳጅ ተወድዶ በነበረበት ጊዜ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ግዙፍና ቀርፋፋ የሆኑ 12 መርከቦችን አሠራ። ነዳጅ ረከሰና ፈጣኖቹ ቀደሙት። በ1986 ድርጅቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ከሰረ፣ ብዙ ሠራተኛም ሜዳ ላይ ቀረ። ሰባዎቹን ሊጨርስ ሲል ግን ሌላ የመርከብ ድርጅት ከፈተ፤ በ2001 በ87 ዓመቱ እስኪሞትም ከጭነት ሥራ አልራቀም።

ዛሬ በአጀንዳችን ላይ አባላት መኪናና መጋዘን በጋራ ይጠቀሙ የሚል ሐሳብ አለ። «የኔን ለተፎካካሪዬ?» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ፣ የማይስማማ ካለ ግን ከሻይ በፊት እጁን ያውጣ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።