ምጣዱ ከመሰንጠቁ በፊት
(ደብረ ብርሃን ላይ ለሸክላና ሴራሚክ አምራቾች እና ለምህንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ሸክላ ሠሪዎች፣ የሴራሚክ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ስንጥቅ ነው፤ ከምጣድ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሃል የሚገባው። የኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም የሚሆነውን ነገር በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት፣ ይህን ስንጥቅ ጭቃው ሳይደርቅ ሊያሳየን ይችላል። የሚያሳየን ግን የራሳችንን አፈርና የራሳችንን አየር ከነገርነው ብቻ ነው።

ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። 6 በመቶ የሚኮማተር ጭቃ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3.6 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ጠርዙ በዙሪያው ሁሉ 1.8 ሳንቲ ሜትር ወደ መሃል መሳብ አለበት። ወለሉ ከያዘው ይቀደዳል። ከሥሩ አመድ የሚነሰንስ ሰው ሰበቃውን እየቀነሰ ነው፤ ያ አመድ ሲሙሌሽኑ ውስጥም አንድ ቁጥር ሆኖ ይገባል። ሌላው ምክንያት ጠርዙ ቀድሞ መድረቁ ነው፦ ጠርዙ ማጠር ይፈልጋል፣ እርጥቡ መሃል ግን አይለቀውም። በበጋ የእኛ ደረቅ ነፋስ ይህን ያባብሰዋል፤ የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ እርጥቡን ጭቃ አቀዝቅዞ ገጹን ይልጠዋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መድረቂያው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ እንደሚጠጋም አትርሱ።

ምጣድ ክብ ስለሆነ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለውን አንድ ቁራጭ ብቻ መሳል ይበቃል፤ ስሌቱ በእጅጉ ያጥራል። ነፋሱ ከአንድ ወገን የሚመጣ ከሆነ ግን ይህ አቋራጭ ያሳስታል፣ ሙሉውን ሳሉ። የስሌቱን መረብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቅርጹን ከፋፍሎ የሚያሰላባቸውን ትናንሽ ክፍሎች፣ ጠርዙ ላይ አጥብቁት፤ ከዚያ በእጥፍ አጥብቃችሁ ድገሙት። ውጤቱ በግልጽ ከተለወጠ መረቡ ገና ሻካራ ነው። ለእንዲህ ያለ ስሌት የሚያገለግሉት ኤልመርና ካልኩሊክስ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እቶኑ ላይ ነው። ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የባሕር ወለል ግፊትን፣ 101,325 ፓስካልን፣ ይዘው ይነሣሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቷ 72,000 ፓስካል ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል 10 ሜትር ኩብ አየር የሚበቃው ማቃጠያ እዚህ 14 ይፈልጋል። ቁጥሩን ካልቀየራችሁ ኮምፒውተሩ እሳቱ ጥሩ ነው ይላችኋል፣ እቶኑ ግን ይጨሳል፣ የሸክላውም ሆድ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ውኃም እዚህ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለቆላ አገር የተጻፈ «95 ላይ አቆይ» የሚል መመሪያ እንዳለ ከተወሰደ እንፋሎቱ ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ 80 ላይ ማቆየት ይሻላል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከ600 እስከ 550 ዲግሪ ድረስ በዝግታ ይውረድ፤ በ573 ላይ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በድንገት ይኮማተራል።

ለዚህ ሁሉ ቁጥር የሚሰጠን የራሳችን አፈር ነው። 12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ አምስት የጭቃ ዘንጎች ሥሩ፤ በእርጥቡ 10 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ሁለት ጭረት አድርጉባቸው። ጠዋትና ማታ መዝኗቸው፣ በጭረቶቹ መካከል ያለውን ርቀትም በካሊፐር (ትንሽ ርቀትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ክብደቱ እየቀነሰ ርዝመቱ የሚቆምበት ቀን ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማድረቁን ማፍጠን ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የምጣዱ ጠርዝ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቆይ።

ሚዛኑና ካሊፐሩ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከየመንደራችሁ ያመጣችሁትን ጭቃ እየለካን እንቀጥላለን።