ማንም ሳይነካው የወደቀው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ ዳኞች፣ እናንተም ማልያችሁን ለብሳችሁ ጨዋታውን የምትጠብቁ ልጆቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ሰኔ 19 ነው። በ1995 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ምሽት ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር በፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ፣ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ትጫወት ነበር። እኔ በሰፈራችን ሻይ ቤት ቆሜ ነበር የማየው። ካሜሩን 1 ለ 0 እየመራች ሳለ፣ በ72ኛው ደቂቃ፣ የካሜሩኑ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎኤ በመሐል ሜዳው ክብ ውስጥ ወደቀ። የገፋው የለም፤ የጠለፈው የለም። ካሜራው ፊቱን በቅርብ ሲያሳየን ሻይ ቤቱ እንዳለ ጸጥ አለ። ሐኪሞች 45 ደቂቃ ያህል ታገሉለት፤ ልቡ ግን አልመለስ አለ። ገና 28 ዓመቱ ነበር።

ልጆቼ፣ እናንተ ያኔ አልተወለዳችሁም። ፎኤ የያውንዴ ልጅ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጉልበቱ የማያልቅ አማካይ ነበር፤ ከሀገሩ ጋር ሁለት ጊዜ በተከታታይ የአፍሪካ ዋንጫን አንሥቷል። የወደቀበት ሜዳ ቀድሞ ለሊዮን ሲጫወት የገዛ ሜዳው ነበር። በዚያው ዓመት በውሰት በተጫወተበት በማንችስተር ሲቲ፣ ክለቡ በአሮጌው ስታዲየሙ ያስቆጠራት የመጨረሻዋ ጎል የእሱ ናት። 23 ቁጥር ማልያውን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጡም።

ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው ፍጻሜ ፈረንሳይ አሸነፈች። በሽልማቱ ጊዜ ሁለት የካሜሩን ተጫዋቾች ትልቅ ፎቶግራፉን ይዘው ቆሙ፤ የሁለተኛነቱ ሜዳልያም በፎቶው ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። የፈረንሳዩ አምበል ደሳዪ ዋንጫዋን ብቻውን ወደ ላይ አላነሣትም፤ ከካሜሩኑ አምበል ከሶንግ ጋር አብረው ያዟት። እኔ ያቺን ሜዳልያ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ምርመራው ያገኘው ምን ነበር? የልቡ ጡንቻ ያለ ልክ ወፍሮ ነበር። ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ከ500 ሰዎች በአንዱ ላይ ያህል ይገኛል፤ ብዙው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። እንዲህ ያለ ልብ በድንገት የኤሌክትሪክ ምቱ ሲዛባ ደም መርጨቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ሯጭ ይሁን ኳስ ተጫዋች፣ ሰውዬው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ከዓመታት በፊት እኔ በነበርኩበት ሜዳ አንድ ልጅ እንደ ፎኤ ማንም ሳይነካው ወደቀ። እጁና እግሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «የሚጥል በሽታ ነው» አልን። ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር አስጠጋን፣ ውሃ ረጨንበት፣ ከበብነው። በየመሐሉ ያጣጥር ነበርና እየተነፈሰ ነው ብለን ተጽናናን። ያ ግን እስትንፋስ አልነበረም። ደረቱ ላይ እጁን ያሳረፈ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላሳረፍኩም። ልጁ አልተነሣም።

በ2013 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በኮፐንሃገን እንዲሁ ወደቀ። ወዲያው ደረቱን ተጫኑለት፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልሰው መሣሪያ ደረሰለት፤ ዳነ፣ ተመልሶም ኳስ ተጫወተ። በዚህ ጉዳይ ደቂቃ ማለት ሕይወት ነው፤ ልብ ቆሞ ምንም ሳይደረግ የምታልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ የመዳንን ዕድል ከመቶ 10 ያህል ትቀንሳለች።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እየሮጠ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ወይም በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ ሰው ካለ፣ «ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የልብ ምርመራ ሳያደርግ ወደ ሜዳ አትላኩብኝ። እኔም አላስገባውም፤ ቢያለቅስም አላስገባውም።

እዚያ ጥላው ሥር ነርሷ የመለማመጃውን አሻንጉሊት ይዛ እየጠበቀችን ነው። ሁለቱን መዳፎች ደራርቦ ደረቱ መካከል ላይ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጠንከር አድርጎ መጫን ነው። አንዱ ሲጫን ሌላው 907 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ። መጀመሪያ አሠልጣኞችና ዳኞች እንሞክር፤ ቀጥሎ ወላጆች፣ ከዚያ ትልልቆቹ ልጆች።

ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይጀመራል። በ72ኛው ደቂቃ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ኳሷን ባለችበት ተዉአትና ሁላችሁም መሐል ሜዳው ክብ ውስጥ ገብታችሁ ቁሙ። ለፎኤ፣ ለዚያም ልጅ።